ጥበብና ጠይብ፤ የሰሜን አገር የእጅ ሥራ በሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ሚዛን

1. የመዝገቡ ነገር

የሳይንስና የምሕንድስና ታሪክ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኖ በታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ ካገኘ ገና መቶ ዓመት ቢሞላው ነው። በዚህ አጭር ዘመን የተጻፉት መጻሕፍት ግን ብዙዎችና ግዙፎች ናቸው። ጆርጅ ሳርቶን የሳይንስን ታሪክ መግቢያ ከ1927 እስከ 1948 በሦስት ታላላቅ ክፍሎች አውጥቶ፣ የዐረቦችንና የአይሁድን፣ የሕንዶችንና የቻይናዎችን ሊቃውንት ከግሪኮችና ከላቲኖች ጎን አስቀመጠ። ቻርልስ ሲንገርና የሥራ ባልንጀሮቹ የቴክኖሎጂን ታሪክ ከ1954 እስከ 1958 በአምስት መጻሕፍት አሳተሙ። በዚያው በ1954 ጆሴፍ ኒድሃም «ሳይንስና ሥልጣኔ በቻይና» የተባለውን ሥራ የመጀመሪያ መጽሐፍ አቀረበ፤ እርሱ በ1995 ከሞተ በኋላም ሥራው በተከታዮቹ እጅ ቀጥሏል። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የእነዚህ ሰዎች ውለታ ከፍ ያለ መሆኑ አይካድም። ፍራንሲስ ቤከን በ1620 የዓለምን መልክ ለወጡ ብሎ የቈጠራቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለት ማተሚያ፣ ባሩድና ኮምፓስ፣ ምንጫቸው ከቻይና መሆኑን በሰፊ ማስረጃ ያሳየው ኒድሃም ነው። ከእርሱ ወዲህ ሳይንስ የአንድ አህጉር ርስት ነው የሚል ሰው ዐዋቂ ተብሎ ሊደመጥ አይችልም።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ድካም የተመሠረተበት መለኪያ አንድ ነው። መለኪያውም የዕዳ መዝገብ ይመስላል፤ ይህን ነገር መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው፤ ከማንስ ወደ ማን ተላለፈ፤ በስንት ዓመተ ምሕረት። ኒድሃም መዝገቡን አልሻረውም፤ ለአውሮጳ ተጽፎ የነበረውን ለቻይና አዛወረው እንጂ። በመዝገቡ ላይ ስም የሌለው ሕዝብ ግን የሚነገርለት ታሪክ የለውም ማለት ነው፤ ወይም ታሪኩ የሚጀምረው የውጭ አገር ሰው ከደረሰበት ቀን ነው። መለኪያው ትክክል መሆኑን ለመመርመር ከመዝገቡ ውጭ ከቀሩት አገሮች አንዱን ወስዶ ማየት ይበቃል። ለዚህም የሰሜን አገር ተስማሚ ነው።

2. ከቡይት ራስ ሲታይ

ቡይት ራስ ከደባርቅ በላይ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ ስፍራ ነው። በአንድ ወገን ገደሉ ወደ ቈላው ይወርዳል፤ በሌላው ወገን የደባርቅና የዳባት ደጋ በገብስ እርሻ ተሸፍኖ ይታያል። የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊ እዚህ ቢቆም ሦስት ነገሮችን ያያል፤ በተዳፋቱ ላይ የሚሄደውን ማረሻ፣ የድንጋይ ግንብ የተሠራባቸውን አብያተ ክርስቲያናትና፣ ወደ ሊማሊሞ የሚወርደውን መንገድ።

ስለ ሦስተኛው ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ስለ ሌሎቹ የሚነገረውን ጠባይ ግን አስቀድሞ ያሳያል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ ሊማሊሞን የወጣው በየካቲት 1770 ሲሆን፣ ኳድራንቱንና ቴሌስኮፑን ያደረሰው በሰውና በከብት ጀርባ ነው። የመኪናው መንገድ የተሠራው ከ1936 እስከ 1941 በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ዛሬ መንገዱን የሚያደንቅ ሁሉ የጣሊያንን መሐንዲሶች ያነሣል፤ ማንሣቱም አግባብ ነው። ነገር ግን የሲራራ ነጋዴና የበቅሎ ጫኝ ከዚያ በፊት በብዙ መቶ ዓመታት ያንን ገደል በዚያው አካባቢ ይወርድ ነበር። ገደሉ የት እንደሚያስወርድ፣ ክረምት የትኛውን መታጠፊያ እንደሚንድ፣ የተጫነ በቅሎ የት ማረፍ እንዳለበት የሚያውቀው እርሱ ነበር። ይህ ዕውቀት የምሕንድስና ዕውቀት ነው፤ በየትኛውም የምሕንድስና ታሪክ ላይ ግን አልተቈጠረም።

3. ማረሻውና ፍርዱ

ስለ ማረሻ ከተጻፉት ሁሉ ብዙ ክርክር ያስነሣው ሊን ኋይት በ1962 ያሳተመው የመካከለኛው ዘመን ቴክኖሎጂ መጽሐፍ ነው። እንደ ኋይት አነጋገር በሰሜን አውሮጳ ከባዱ ማረሻ፣ ማለት መንኰራኵር ያለውና አፈርን የሚገለብጠው፣ የሰውን ኑሮ ከሥሩ ለወጠ፤ ስምንት በሬ ስለሚፈልግ ገበሬዎች በሬያቸውን አንድ ላይ እንዲያደርጉና መሬታቸውን በማኅበር እንዲያርሱ አስገደዳቸው። በዚህ ትረካ ውስጥ አፈርን ሰንጥቆ ብቻ የሚያልፈው ቀላል ማረሻ ቀድሞ የተገኘና በተሻለው የተተካ ታናሽ ወንድም ነው። ጃክ ጉዲ ደግሞ በ1971 ባወጣው መጽሐፍ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ማረሻ ስላልነበረው የመሬት ሥሪቱና የመንግሥቱ ጠባይ ከአውሮጳና ከእስያ ተለየ ሲል፣ ኢትዮጵያን ከሕጉ ውጭ ያለች አገር አድርጎ ወደ ጎን አቆያት። በአንደኛው መጽሐፍ የሰሜን ገበሬ ኋላ ቀር ይሆናል፤ በሁለተኛው ልዩ ይሆናል። በሁለቱም ማረሻው ራሱ አልተመረመረም።

ሲመረመር የሚታየው ይህ ነው። ሞፈሩን፣ እርፉን፣ ድግሩንና ቀንበሩን ገበሬው ራሱ ከእንጨት ይጠርበዋል፤ ምራኑን ከጠፍር ይቈርጠዋል። ከሌላ ሰው እጅ የሚገኘው ብረቱ ብቻ ነው፤ ይኸውም ማረሻውና ወገሉ። ዕቃው በሙሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተሸክሞ ገደል ለመውጣት የሚችል ነው፤ የሚስቡት ሁለት በሬዎች ብቻ ናቸው። አፈሩን አይገለብጥም፤ ስለዚህ ገበሬው ገመሳውን ከጨረሰ በኋላ ማሳውን አግድም ደግሞ ያርሰዋል። በዚያው ማረሻ በማሳው ላይ ሰያፍ ቦይ ያወጣል፤ ይህም ፈሰስ ይባላል። ፈሰስ የክረምቱ ጐርፍ ዘሩን ጠርጎ እንዳይወስድ ውሃውን ወደ ዳር የሚያሳልፍ ነው። እንግዲህ አንዱ መሣሪያ ማረሻም ቦይ መቈፈሪያም ነው። በሰሜን ተዳፋት ላይ ስምንት በሬ የሚስበው ከባድ ማረሻ ይዙር ቢባል የሚዞርበት ቦታ አይገኝም። ከ1967 ጀምሮ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት የተሻሻሉ ማረሻዎችን ሠርቶ ቢሞክርም በገበሬው ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አለማግኘቱ፣ ቀላልነት ራሱ የታሰበበት መልስ መሆኑን የሚያስረዳ ነው።

ይህ ሲባል ማረሻው እንከን የለውም ማለት አይደለም። የስዊስ ሊቅ ሐንስ ሁርኒ በ1970ዎቹ በሰሜን በጅንባር ሸለቆ ያደረገው ጥናት የእርሻው መስፋፋት አፈሩን ምን ያህል እንዳስጠረገው አሳይቷል። መሣሪያን ማክበርና መሣሪያን ማምለክ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚፈለገው ፍርድ መሣሪያው በየትኛው መሬት፣ ለየትኛው ሥራ፣ በምን ዋጋ እንደሚያገለግል መናገር ነው። በዚህ ረገድ ሁለት መጻሕፍት ከሌሎቹ ተሽለው ይገኛሉ። ፍሬድሪክ ሲሙንስ ከ1953 እስከ 1954 በቤጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ተዘዋውሮ በ1960 ያሳተመው መጽሐፍ አዝመራውንና ከብቱን በየሕዝቡ ለይቶ የመዘገበ ነው። ጄምስ ማካን በ1995 ያወጣው የኢትዮጵያ የእርሻ ታሪክ ደግሞ ሕዝቡን በማረሻው ስም ጠርቶ፣ ያልተለወጠ የሚመስለው እርሻ በውስጡ ብዙ ለውጥ እንዳስተናገደ አስረድቷል። ሆኖም የማካን ዐይን ያረፈው በአራሹ፣ በበሬውና በአዝመራው ላይ ነው። ከማረሻው ጫፍ በስተኋላ የቆመው ሰው፣ ማለት ብረቱን የቀጠቀጠው፣ የራሱን መጽሐፍ ገና ይጠብቃል።

4. የጐንደር ግንብ ማን ሠራው

ስለ ግንብ የሚነገረው ከዚህ ይልቅ ጐልቶ የታወቀ ነው። ዐፄ ፋሲል ጐንደርን በ1636 ከቈረቈሩ ወዲህ የተሠሩት ግንቦች የፖርቱጋሎች ሥራ ናቸው የሚለው ቃል በጉብኝት መጽሐፍና በሕዝብ አፍ ለረዥም ጊዜ ኖሯል። ይህ ቃል በዘመን አቈጣጠር ብቻ ይወድቃል፤ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡት ጐንደር ከመቈርቈሯ በፊት ነውና። ከዚህ የሚበልጠው ግን የብሩስ ምስክርነት ነው። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ግንቡ የተሠራው ከሕንድ በመጡ ግንበኞችና፣ ሃይማኖታቸውን ሳይቀበሉ ከኢየሱሳውያን የግንባታን ጥበብ በተማሩ የአገሩ ሰዎች መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ ብዙ ጊዜ እንደ ምስክር የሚጠራው የውጭ አገር ሰው የአገሩን ግንበኛ አስቀርቶት አልነበረም፤ ያስቀሩት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው።

የኖራ ታሪክም ተመሳሳይ ነገር ያስተምራል። ኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) ከሕንድ የመጣ ግንበኛ ኖራ ማዘጋጀትን እንዳሳየ ጽፈዋል። «ኖራ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው «ኑራ» ጋር አንድ ነው፤ ነገሩ በየት በኩል እንደ ተጓዘ ቋንቋው ይመሰክራል። በዕዳ መዝገብ ቢሄድ ጕዳዩ በዚህ ያበቃል፤ ኖራ ከውጭ መጣ፣ ስለዚህ ግንቡ የውጭ ነው። ነገር ግን አንድ ግንበኛ አንድ ጊዜ ያሳየው ነገር ከሱስንዮስ እስከ ፋሲል፣ ከፋሲል እስከ ኢያሱና እስከ እቴጌ ምንትዋብ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረው በማን እጅ ነው? ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ከሌላው መለየት፣ በስንት እሳት እንደሚቃጠል ማወቅ፣ ከአሸዋ ጋር የሚደባለቅበትን ልክ መጠበቅ፣ ይህን ሁሉ ለልጅ ማስተማር ግድ ነበር። ጥበብን ያመጣው ሰው አንድ ቀን ይበቃዋል፤ የሚያቈየው ግን በየዓመቱ ሥራ አለበት። የታሪክ ጸሐፊው ግን የአንዱን ቀን መዝግቦ መቶውን ዓመት ዘለለው።

5. የቤት ውስጥ በደል

እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ በውጭ ጸሐፊዎች ላይ ቢወድቅ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን የአገሩ ሠራተኛ ስም የጠፋው መጀመሪያ በአገሩ ብዕር ነው። ዜና መዋዕል ንጉሡ ግንብ እንዳሠሩ ይናገራል፤ የሠራውን አይናገርም። የገዳም ታሪክ ያስተከለውን መስፍን ያወሳል፤ የጠረበውን ይዘላል።

ለዚህ ምክንያቱ የታወቀ ነው። በሰሜን፣ በወገራና በደምቢያ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸክላ ይሠሩ፣ ግንብ ይገነቡ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ጄምስ ኲሪን በ1992 ባሳተመው ታሪካቸው እንዳስረዳው፣ ርስት የማግኘት መብት ከጥምቀት ጋር ከተያያዘበት ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን (1414–1429) ጀምሮ መሬታቸውን እያጡ ሄዱ፤ በሰሜን የጌዴዎን ኀይል በሱስንዮስ ከተሰበረ በኋላ ደግሞ በእጅ ሥራ የሚኖሩት በዙ፤ በጐንደር ዘመንም ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው ነገሥታቱን አገለገሉ። በዚያው ዓመት ስቲቨን ካፕላን ያወጣው መጽሐፍ የሕዝቡን ማንነት በሌላ መንገድ ቢመረምርም፣ የእጅ ሥራ ከመሬት ማጣት ጋር የተሳሰረ መሆኑን አይክድም። እጁ ተፈልጎ ሰውየው ተጠላ። ቀን ማረሻውን የሚያሾልለትን ሰው ገበሬው ማታ ቡዳ ብሎ ፈራው።

ቋንቋው ይህንን ታሪክ በአንድ ቃል ጠብቆ ይዞታል። በግእዝ «ጠቢብ» ማለት ብልህና ዐዋቂ ነው፤ በኦሪት የድንኳኑን ዕቃ የሠራው ባስልኤል የጥበብ መንፈስ የተሞላ እንደ ነበረ ይነገራል፤ ጥበቡም የወርቅ፣ የነሐስና የእንጨት ሥራ ነው። ይኸው ቃል ወደ አማርኛ ሲወርድ ለሁለት ተከፈለ። «ጠቢብ» ለሊቁ ክብር ሆኖ ቀረ፤ «ጠይብ» ለአንጥረኛው ስድብ ሆነ። አንድ ሥር ሁለት ቅርንጫፍ ሲያወጣ አንዱ ወደ ዐውደ ምሕረት፣ ሌላው ወደ መንደር ዳር ሄደ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ መከልከላቸው፣ ስድቡ እስከዚያ ድረስ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ያሳያል።

የደረስጌ ማርያም ታሪክ ከዚሁ ጋር ሊነሣ የሚገባው ነው። በሰሜን ውስጥ ይህን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ናቸው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ዐዋቂ ቪልሄልም ሺምፐር በሥራው መካፈሉ ይታወቃል። በየካቲት 1855 ውቤ በደረስጌ ጦርነት ድል ከሆኑ በኋላ፣ ካሣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጭነው ቴዎድሮስ ተባሉ። ዶሮቴያ ማክዩዋን በ2013 ስለዚህ ደብር አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትማለች፤ ሕንፃውንና ንዋያተ ቅድሳቱን በትጋት የመረመረ ሥራ ነው። በሕዝብ ዘንድ በሚነገረው ታሪክ ግን ሦስት ስሞች ብቻ ይሰማሉ፤ ያሠራው መስፍን፣ የነደፈው ፈረንጅና የነገሠበት ንጉሥ። ድንጋዩን የጠረቡት አራተኞቹ ናቸው፤ አይጠሩም። ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ባስጣሉ ጊዜም እንዲሁ ሆነ፤ የዋልድማየርና የሳልሙለር ስም በየመጽሐፉ ሲገኝ፣ አብረዋቸው ወናፍ የነፉት ልጆች ስም አልቀረም።

6. ሁለት መምህራን

ለዚህ ትችት ጠንካራ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። የሳይንስ ታሪክ የግኝት ታሪክ ነው፤ ማረሻ ማሾልና ኖራ ማቃጠል አዲስ ነገር አላመጣም፤ የተቀበሉትን መድገም ሳይንስ አይባልም የሚል ነው። ተቃውሞው ቸል የሚባል አይደለም፤ መልሱ ግን ከራሱ ከሳይንስ ታሪክ ይገኛል።

ኦቶ ኖይገባወር የጥንቱን የሒሳብና የከዋክብት ታሪክ በመመርመር በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የላቀ ሊቅ ነበር። በ1979 የኢትዮጵያን ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ የመረመረበትን መጽሐፍ ሲያሳትም ያደነቀው አዲስ ግኝትን አይደለም፤ በእስክንድርያ ጠፍቶ የነበረው የቀመር ሥርዐት በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ ሳይበላሽ መቈየቱን ነው። መጽሐፈ ሄኖክም እንዲሁ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ነው፤ ብሩስ ከጐንደር ይዞት የሄደው እርሱን ነበር። የዓለም ሊቃውንት ስለ እነዚህ መጻሕፍት ኢትዮጵያን ሲያመሰግኑ የሚያመሰግኑት መጠበቅን ነው። እንግዲያስ በብራና ላይ የተጠበቀ ዕውቀት የሳይንስ ታሪክ ከሆነ፣ በእጅ ላይ የተጠበቀው ለምን አይሆንም?

ልዩነቱ በዕውቀቱ ጠባይ ላይ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጣ ከመምህሩ የተቀበለውን ሥርዐት ይደግማል። የአንጥረኛው ልጅም ብረቱ በእሳት ሲግል ቀለሙን አይቶ መቼ እንደሚመታ፣ መቼ ውሃ ውስጥ እንደሚነከር ከአባቱ ይማራል፤ ቀይ ሆኖ ሳለ ቢመታው ይሰነጠቃል ወይስ ይታዘዛል የሚለውን የሚለየው በብዙ ዓመት ልምድ ነው። ሁለቱም ትክክል መሆናቸው በውጤት ይፈተናል፤ አንዱ በፋሲካ ቀን፣ ሁለተኛው በድንጋያማ ማሳ ላይ። የቤተ ክርስቲያኑ ተማሪ ግን የመምህራኑን ሐረግ ከነስማቸው ይቈጥራል፤ የአንጥረኛው ሐረግ አልተጻፈም። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ እርሱም የሳይንስ ልዩነት ሳይሆን የክብር ልዩነት ነው።

ይህ ክፍፍል የሰሜን ብቻ አይደለም። ኤድጋር ዚልሰል በ1942 ባቀረበው ጽሑፍ፣ አዲሱ ሳይንስ በአውሮጳ በ1600 አካባቢ ሊወለድ የቻለው በላቲን የሚከራከረው ሊቅና በእጁ የሚሠራው ጥበበኛ የነበራቸው ግድግዳ ስለ ፈረሰ ነው ብሎ ነበር። ጋሊሌዎ የቬኒስን የመርከብ መሥሪያ ጐብኝቶ ከሠራተኞቹ ተምሯል። ሐሳቡ ብዙ ተቃዋሚዎች አሉት፤ ቢሆንም ኒድሃም በቻይና ላይ ካቀረበው ጥያቄ ይልቅ ለጐንደር የሚስማማው የዚልሰል ጥያቄ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ጐንደር የሊቃውንትም የግንበኞችም ከተማ ነበረች። ቅኔው፣ ዜማው፣ ትርጓሜው፣ ባሕረ ሐሳቡ በአንድ ሰፈር ይማሩ ነበር፤ ኖራውና ብረቱ በሌላ ሰፈር። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲቀመጡ ሲወስን፣ በሁለቱ ዕውቀቶች መካከል የነበረውን ርቀት በሕግ አጸናው። መልካሙ ጥያቄ እንግዲህ ኢትዮጵያ ምን ፈለሰፈች የሚለው አይደለም፤ ሁለቱ ጠቢባን በአንድ ከተማ እየኖሩ ለምን አልተነጋገሩም የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ከላይ ከተጠቀሱት ታላላቅ መጻሕፍት አንዱም አላነሣውም፤ ለማንሣት የሚችለው የአገሩን ታሪክ ከሁለቱም ወገን የሚያነብ ሰው ነው።

7. ስለ ሌላው ስሕተት

የውጭ ጸሐፊዎችን ስሕተት የሚያርሙ መስሎአቸው ተቃራኒውን ስሕተት የሚሠሩ አሉ። የእነርሱ አካሄድ በመዝገቡ ላይ የራስን ስም በግድ መጻፍ ነው፤ ሁሉም ነገር ከዚህ ተነሣ፣ ሁሉንም እኛ ቀድመን ዐወቅን ይላሉ። ይህ መለኪያውን አይለውጥም፤ ያጸናዋል እንጂ። በአዲግራት አጠገብ በባዓቲ ፎካዳ ዋሻ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ተሥሎ መገኘቱ እርሻው ጥንታዊ መሆኑን ያሳያል፤ ነገር ግን የዚህ ማረሻ ዘመዶች በየመንና በግብፅ፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያም ሁሉ ይገኛሉ። ግንቡ የሕንድን፣ የኢየሱሳውያንን ትምህርትና የአገሩን እጅ በአንድ ላይ ይዟል። ይህን መቀበል ክብርን አይቀንስም። ከሌላ የተቀበሉትን በራስ መሬት ላይ ማዋልና ለልጅ ማውረድ ራሱ ታላቅ ሥራ ነው፤ ሥልጣኔ የሚባለውም አብዛኛው ክፍሉ ይኸው ነው። የኩራቱ ትረካ ከሁሉ የሚከፋው ግን ጠይቡን እንደ ገና ስለሚረሳው ነው፤ ስሙን ለአገር ይሰጣል፣ ለሰውየው አይሰጥም።

8. የቀረው ሥራ

ይህ ሁሉ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ መቸኰል ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን ምስክሮቹ ተበትነዋል። ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ከቤተ እስራኤል አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ወናፉንና ጉጠቱን ይዞ ያደገው ሽማግሌ ዛሬ የሚገኘው፣ ቢገኝ፣ ከደባርቅ ይልቅ በሌላ አገር ከተማ ነው። ገብሱን በሰሜን ከፍታ ያርሱ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎችም በ1969 ከተቋቋመው ፓርክ ክልል በ2016 ተነሥተው በደባርቅ አካባቢ ሰፍረዋል። ፓርኩ የዓለም ቅርስ የተባለው በ1978 ነው፤ ቅርስነቱ የተመዘገበው ለገደሉ፣ ለዋልያውና ለዕፅዋቱ ነው። የሰውየው እጅ በመዝገቡ ላይ የለም።

ስለዚህ የሰሜንን የእጅ ሥራ የሚያጠና ተማሪ ከአራት ነገሮች ሊጀምር ይገባዋል። መጀመሪያ ዕቃውን ከነልኩ ይመዝግብ፤ ማረሻው ስንት ይመዝናል፣ ስንት ክረምት ያገለግላል፣ በዓመት ስንት ጊዜ ይሾላል፣ ብረቱ ከየት ይመጣል። ቀጥሎ ቃሉን ይሰብስብ፤ የወገሉንና የድግሩን፣ የወናፉንና የጉጠቱን፣ የኖራውንና የጭቃውን ስም በየወረዳው ያነጻጽር፤ ቃሉ የጥበቡን መንገድ ይነግረዋልና። ሦስተኛ የመምህሩን ሐረግ ይጠይቅ፤ ማን ከማን ተማረ የሚለው ጥያቄ ለቅኔ ሲጠየቅ እንደ ኖረ ሁሉ ለብረትም ይጠየቅ። አራተኛ ወደ ሄዱት ይሂድ፤ ከሰሜን የወጣው ዕውቀት በእስራኤል ከተሞች ባሉ ሽማግሌዎች ዘንድ ከመሞቱ በፊት የሚገኝ ከሆነ የሚገኘው በአማርኛና በትግርኛ ነው፤ እርሱን ሊጠይቅ የሚችለውም እነዚህን ቋንቋዎች የሚያውቅ ነው።

ሳርቶን፣ ሲንገርና ኒድሃም የሠሩት መዝገብ ሊጣል አይገባውም። ሊጨመርበት የሚገባው አንድ ዐምድ ነው፤ ከ«ማን አገኘው» ቀጥሎ «ማን ጠበቀው» የሚል። በዚያ ዐምድ ውስጥ ሰሜን ባዶ አይሆንም። ዐምዱ የሚሞላው ግን በውጭ ሊቅ ችሮታ አይደለም። «ጠቢብ» እና «ጠይብ» አንድ ቃል መሆናቸውን በመጀመሪያ ማመን ያለበት የአገሩ ሊቅ ነው።